ጠብ ያልነበረበት ዕርቅ

አቶ ኪዳነ ወልድ ሰው ሲጣላ ዝም ብለው ማየት አይሆንላቸውም። በአገር ቤት ለብዙ ዓመታት ችሎት ተቀምጠዋል፤ ሲያትል ከመጡ ወዲህ ችሎቱ ቢቀርም ዳኝነቱ አልቀረም። ባልና ሚስት ሲቀያየሙ፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሲኳረፉ፣ ሸሪኮች በአንድ ታክሲ ሲካሰሱ፣ ስልክ የሚደወለው ሾርላይን ወዳለው አፓርታማቸው ነው። እሳቸውም ጋቢያቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበው ይሄዳሉ። ገብተው ያላስታረቁት ጠብ ጥቂት ነው፤ ይህንንም ራሳቸው ጠንቅቀው ያውቁታል። የጥፋታቸውም መነሻ ይኸው ማወቃቸው ሆነ።

የሚሠሩት ሲታክ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ነው። መንገደኛው መኪናውን እዚያ ትቶ ሻትል በሚሉት አመላላሽ አውቶቡስ ወደ ተርሚናሉ ይሄዳል፤ የትኛው ሻትል መቼ እንደሚነሣ በሬዲዮ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው። በመስከረም ከጠዋት ፈረቃ ወደ ከሰዓት ሲዛወሩ ከሃርጂትና ከግሌን ጋር ተገናኙ። ሃርጂት ከፑንጃብ የመጣ፣ ጥምጥሙ ከማለዳ እስከ ማታ የማይዛነፍ ህንዳዊ ሾፌር ነው። ግሌን አውስትራሊያዊ፣ የብሪስቤን ከተማ ልጅ፣ ሻትሎቹን የሚጠግን መካኒክ ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚዋደዱ ለመረዳት አንድ ቀን ማየት ይበቃ ነበር፤ አንዱ ሳይመጣ ሌላው የምሳ ዕቃውን አይከፍትም።

ታኅሣሥ ላይ ግን ነገሩ የተበላሸ መሰለ። የህንድና የአውስትራሊያ ቡድኖች ብሪስቤን ላይ የክሪኬት ግጥሚያ ጀመሩ። ክሪኬት ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ መሆኑን አቶ ኪዳነ ወልድ ያውቃሉ። «ቴስት» የሚባለው ዓይነቱ አምስት ቀን እንደሚፈጅ፣ በአምስቱ ቀን ካላለቀም ማንም እንዳላሸነፈ እንደሚቆጠር የሰሙት ግን ያን ሰሞን ነው። አምስት ቀን ተሟግቶ ያለ ውሳኔ መለያየት ለእሳቸው የፍርድ ቤት ጉድ ሆነባቸው። ከዚያ በላይ ለማወቅም አልፈለጉም።

የሲታክ ከሰዓት በኋላ የብሪስቤን ማለዳ ነውና፣ ጨዋታው የሚጀመረው ፈረቃው ሲሞቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሁለቱ ወዳጆች አልተነጋገሩም። በዕረፍት ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ጫፍ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው አንድ ወንበር ባዶውን ይቀራል፤ እያንዳንዱም በየስልኩ ጨዋታውን ይከታተላል። ቃል ቢኖራቸው የሚላላኩት በሠርካለም በኩል ነው። ሠርካለም በዲቪ የመጣች፣ ሳቅ የማያልቅባት የሻትል ሾፌር ናት።

«ሠርካለም፣ እዚያ ጫፍ ለተቀመጠው ሰውዬ ንገሪልኝ» ይላል ግሌን፤ «የቡድኑ ልጆች ዱላውን የያዙት ዝንብ ሊያባርሩበት ነው ወይ በይው።»

ሠርካለም አንገቷን ብቻ አዙራ መልእክቱን ታደርሳለች። ሃርጂትም ሻዩን እያማሰለ፣ «የእሱ ልጆች ትናንት ኳሷን ሲያሳድዱ ጫማቸው አለቀ፤ ዛሬ በባዶ እግራቸው ነው የሚመጡት በይልኝ» ይላል።

በአራተኛው ቀን አውስትራሊያ ለማሸነፍ ጥቂት ቀራት። ያን ጊዜ የብሪስቤን ሰማይ ጠቆረ፤ ሠራተኞች ትልቅ ሸራ እየጎተቱ ሜዳውን ሸፈኑት። ዝናቡ በቀጠለ ቁጥር የሚተርፈው የህንድ ቡድን ነበርና ሃርጂት ሁለት እጆቹን ወደ ጣሪያው ዘረጋ።

«አንተ የላይኛው፣ አውርደው። ሜዳውም ይዋኝ፣ ቤታቸውም ይዋኝ።»

ግሌን ተነሥቶ ወጣ። በሩም ከኋላው በኃይል ጮኸ።

አቶ ኪዳነ ወልድ ደነገጡ። የግሌን እናት ብሪስቤን ውስጥ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ያውቃሉ። ዝናብ በረከት በሆነበት አገር ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ዝናብ በወዳጅ እናት ቤት ላይ መዓት ሆኖ ሲለመን ሰምተው አያውቁም። ሠርካለም ግን ትስቅ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ በሰው ጠብ መሳቅ ነውር ነው» አሏት።

«ኧረ ጋሼ፣ እነሱ እኮ ይጫወታሉ። ሶ፣ እርስዎ ሲሪየስ አድርገው ወሰዱት?»

«ጨዋታና ጠብ መለየት ያቃተኝ ዕለት ጡረታ እወጣለሁ።»

«ታዲያ ለምን ራሳቸውን አይጠይቋቸውም?»

«የተጣላ ሰው ተጠይቆ እውነቱን አይናገርም።»

ይህን ያሉት ሰው፣ ግራ ቀኙን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ወንበሩን ይልቀቅ እያሉ ወጣት ዳኞችን ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው።

ሽምግልና በአንድ ሰው አይቆምምና፣ በማግስቱ የሰበካ ጉባኤውን ሊቀ መንበር አቶ ፍስሐን ይዘው መጡ። ፍስሐ አንድ ሙሉ ዳቦ በነጠላ ጠቅልሎ ይዟል። ብሪስቤን ላይ ዝናቡ እንደቀጠለ ነው፤ ሲታክም ላይ እንዲሁ። ሾፌሮቹ ለዕረፍት በተሰበሰቡበት ሰዓት አቶ ኪዳነ ወልድ በጠረጴዛው ራስ ቆሙ፤ ስለ ወዳጅነት፣ በእንግድነት አገር ስለ መተዛዘን ተናገሩ። አሳምረው ተናገሩ። ድምፃቸው ወደ ድሮው ችሎት ሲመለስላቸው ተሰማቸው፤ ደስም አላቸው።

«አሁን ፊት ለፊት ይቅር ተባባሉ» አሉ።

ግሌን ግራ ተጋብቶ ወደ ሠርካለም ዞረ። «ሠርካለም፣ እስቲ ንገሪልኝ...»

«በእሷ በኩል አይሆንም። በገዛ አንደበትህ።»

ሃርጂት ባዶውን ወንበር ይመለከታል እንጂ ቃል አይተነፍስም። አቶ ኪዳነ ወልድ ዝምታውን እንደ ልብ መደንደን ቆጠሩት። ሽማግሌ ለምኖ እንቢ የሚል ሲገጥመው የሚቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በቀዝቃዛው ወለል ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። «እሺ እስክትሉ አልነሣም» አሉ።

ግሌን ከወንበሩ ተፈናጠረ። «ሃርጂት፣ በግራ በኩል ያዛቸው። ጉልበታቸው ይጎዳል።»

«ይዣለሁ። አንተ ወንበር አምጣ» አለ ሃርጂት።

ከዚያ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ግሌን ለእጁ የቀረበውን ያን ባዶ ወንበር ሳበ፤ ሽማግሌውንም አስቀመጡበት። ፍስሐ «እሰይ፣ ተነጋገሩ» ብሎ ዳቦውን ቆረሰ። ሁለቱ ተቃቀፉ፤ የተሰጣቸውንም ዳቦ እንደ መድኃኒት ዋጡ። ዝናቡ ጨዋታውን ያለ አሸናፊ ሲዘጋው ስልኩን የተመለከተ አልነበረም።

በማግስቱ ዓርብ፣ ፈረቃው ሳይጀመር ሃርጂት አቶ ኪዳነ ወልድን ግቢው ውስጥ ከአንድ ሻትል ጎን አስጠልሎ አነጋገራቸው።

«ጌታዬ፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎት። ሱኒል የሚባል የስሪላንካ ሰው፣ ሦስተኛ ወዳጅ ነበረን። በቴስት ሰሞን እኔና ግሌን ስንጯጯህ ራሱን ያመው ነበር። አንድ ቀን፣ ‹ከመጀመሪያው ኳስ እስከ መጨረሻው በእኔ በኩል ብቻ ትነጋገራላችሁ፤ ቃል ያመለጠው ለሦስታችን በገዛ እጁ ምሳ ያበስላል› አለን። ያ ወንበር የእሱ ነው። ዝናቡንም የሚለምነው እሱ ነበር፤ የእሱን ቃል ነው የደገምኩት። ከሞተ ወዲህ በሠርካለም በኩል ሆነ እንጂ ሕጉን አፍርሰን አናውቅም።»

«ግሌን ግን ተቆጥቶ ወጣ። በሩን ሲወረውረው ሰምቻለሁ።»

«የበሩ ማጠፊያ ከተሰበረ ቆየ፤ ለሁላችንም ይጮኻል።»

አቶ ኪዳነ ወልድ በዚያ በር በየቀኑ ይወጣሉ፤ ለእሳቸውም እንደሚጮኽ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው።

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ወድቀው ነበር እኮ፤ ለወደቀ ሽማግሌ ምን ይባላል?» ሃርጂት ጨመረ፤ «ግሌን ከሥራ ስንወጣ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። እርስዎ ግን ለደግ ነው ያደረጉት።»

ቢሰድባቸው ይሻል ነበር። ይቺ የመጨረሻዋ ቃል እስከ ሾርላይን ድረስ አብራቸው ተሳፈረች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ፍስሐ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ህንድንና አውስትራሊያን ስላስታረቁት አባት ሲያወጋ ሰው አጨበጨበ፤ አንዱም ከኋላ «ጋሼ፣ የሚቀርዎት የተባበሩት መንግሥታት ነው» አለ። አቶ ኪዳነ ወልድ አንገታቸውን ደፉ። ሰው ትሕትና አደረገው። ሠርካለም ከሴቶቹ መካከል ሆና ስትመለከታቸው አዩ፤ ዓይናቸውንም ሰበሩ።

በኋላ ፍስሐን ወደ ጥግ ወስደው እውነቱን ነገሩት።

«ተው እንጂ ኪዳኔ» አለ ፍስሐ፤ «ዳቦው ተቆርሷል፣ ሰዎቹ ተቃቅፈዋል። የሽማግሌ ስም ከወደቀ ነገ ማን ይሰማናል?»

ያሳፈራቸው የፍስሐ ምክር አልነበረም። ምክሩን ሲሰሙ ልባቸው ዕፎይ ማለቱ ነው። በእሳቸው ፊት የቆመ ምስክር እውነት በመሸሸጉ እንዲህ ዕፎይ ቢል ኖሮ ምን ይሉት እንደነበር ያውቃሉ።

ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት ገብተው ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ባለቤታቸው እጅጋየሁ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ከተጋቡ ጀምሮ ድስት ሲያነሡ አይታቸው አታውቅም።

«ምን ሆነሃል? ተው፣ እኔ ልሥራው።»

«አይሆንም። ሕጉ በገዛ እጁ ይላል።»

«የምን ሕግ?»

«በኋላ እነግርሻለሁ። ምስር ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ምንድን ነው?»

በዕረፍት ሰዓት ድስቱን ጠረጴዛው መካከል አኖሩ። ጨዋታው ቢያበቃም ሁለቱ ወዳጆች የሚያወሩት በጥቂቱ ነበር። አቶ ኪዳነ ወልድ ሦስት ሳህን አቀረቡ፤ አንዱን ለግሌን፣ አንዱን ለሃርጂት፣ አንዱን በባዶው ወንበር ፊት። ከዚያ ወደ ሠርካለም ዞሩ።

«ሠርካለም፣ ለእነዚህ ሰዎች ንገሪልኝ። ዝምታውን ያፈረሰው ኪዳነ ወልድ ነው፤ ግሌን አይደለም። ሳይጠይቅ ፈረደ። ሕጉ እንደሚለውም በገዛ እጁ አብስሏል።»

ሠርካለም ቃል በቃል አደረሰች። ያን ጊዜ አልሳቀችም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ እሑድ ያሉት ሌላ ነበር» አለቻቸው።

«እሑድ ምንም አላልኩም። እሱ ነው ጥፋቱ። ስለ ዕርቁ የሚጠይቅሽ ቢኖር አሁን የሰማሽውን ንገሪው። እኔም በመጪው እሑድ በዚያው ማጉያ እናገረዋለሁ።»

ግሌን አንድ ማንኪያ ቀመሰ። ብዙ አኘከ።

«ሠርካለም፣ ለዳኛው ንገሪልኝ። ጨው በዝቶበታል።»

«ምስሩም ገና ጥሬ ነው በይልኝ» አለ ሃርጂት ከወዲያኛው ጫፍ።

ሠርካለም ዘወር ብላ ሁለቱንም አደረሰች። አቶ ኪዳነ ወልድ ይቅርታ ይሁን ቅጣት አልለዩትም፤ የመጠየቅ መብት እንደሌላቸው ግን ተረዱ። ያልተያዘ ወንበር አንድ ብቻ ነበርና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«ለምን እንደማይቀመጡ ጠይቂልኝ» አለ ግሌን።

«ንገሪው፤ አንድ ጊዜ የማን ወንበር እንደሆነ ሳልጠይቅ ተቀምጫለሁ።»

ግሌን ድስቱን ወደ ራሱ አስጠግቶ ደገመ። ሬዲዮው ሻትል ሲጠራ አቶ ኪዳነ ወልድ ወጡ፤ በሩንም እንዳይጮኽ በእጃቸው ይዘው ቀስ ብለው መለሱት።