ሬዲዮውን ማድቤት ያስገባሁ ዕለት

ያን ጊዜ ስለ ሙዚቃ ቀረጻ የማውቀው ነገር አልነበረም። የማያውቀውን ነገር እንደ እኔ በድፍረት የሚነካካ ሰው ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ አልተፈጠረም፤ ለዚህ እማዬ ምስክሬ ነበረች። ቀን ቀን ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀበሌው የኪነት ቡድን ጊታር እመታለሁ። ጊታሩ የቀበሌው ነው። ቤቴ እንዳሳድረው ሊቀመንበሩ የፈቀደልኝ የሚስቱን ቴፕ ስለጠገንኩላት እንጂ ችሎታዬን አይቶ አይደለም።

ታላቅ ወንድሜ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ በፈቃድ የመጣ ሰሞን፣ ራሱ ያወጣትን አንዲት ዘፈን በቴፕ ቀዳሁለት። እማዬ ገበያ ሄዳ ነበር። መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ዘፈነ። ሲጨርስ ቀስ ብሎ ወደ ቴፑ ተጠጋና «አለቀ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ድምፄ እንዳይገባ ፈርቼ አፌን ሳልከፍት ራሴን ነቀነቅኩለት። በማግሥቱ መኪና ተራ ስሸኘው፣ «ያንን የሚያጓራ ጊታርህን ጨምርባትና ስመጣ አሰማኝ» አለ። እሺ አልኩት። ቃል ነው እንግዲህ።

የሚያጓራ ማለቱ ልክ ነው። ማጉያ ስላልነበረኝ የአንድ አሮጌ ባለ አምፖል ሬዲዮ ሆድ ከፍቼ የጊታሩን ገመድ እዚያ በይጄበት ነበር። ድምፁን እስከ መጨረሻው ስለቀው ሬዲዮው አቅሙ ያልቅና ይሻክራል፤ አንዲቱን ክር አንዴ ከነካኋት ሳታቋርጥ ትጮኻለች። ወይ ስወደው! የሰፈሩ ሴቶች ግን «ወንድምየው ጦር ሜዳ፣ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጅብ ያስጮኻል» ይሉኝ ነበር። ይበሉ፤ ምን ገዶኝ።

አሠራሬ ቀላል ነው። አንዱ ቴፕ የወንድሜን ድምፅ ያሰማል፤ እኔ እዚያው ክፍል ቁጭ ብዬ ጊታሩን እመታለሁ፤ ሌላው ቴፕ ሁለታችንን ባንድ ላይ ይቀዳል። መልሼ ሳዳምጠው ወንድሜ የለም። ጊታሩ ውጦታል። የሬዲዮውን ድምፅ ስቀንሰው ወንድሜ ይመጣል፤ ያ የምወደው ሻካራነት ግን ይጠፋና ጊታሩ የትንኝ ድምፅ ይሆናል። መለስ ሳደርገው ወንድሜ እንደገና ይሰምጣል። ብርድ ልብስ ደረብኩበት፤ ጭቃ ውስጥ የሚጮህ መሰለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤ ግድግዳው አብሮት አጓራ። ወፍራሞቹን ክሮች ትቼ በቀጫጭኖቹ ብቻ ስሞክር ትንሽ ተሻለ፤ ያም ሆኖ የወንድሜ ድምፅና የጊታሩ ድምፅ አንድ መቀመጫ ላይ የሚገፋፉ ይመስሉ ነበር። ሁለት ወር በዚህ ነደድኩ።

በዚህ መሀል የወንድሜ ደብዳቤ ቀረ። በየወሩ ይመጣ የነበረው፣ አንድ ወር ዘለለ፤ ከዚያ አራት ወር ሞላው። እማዬ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «እስቲ እንግዲህ ያንን የልጄን ድምፅ አሰማኝ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ «ገና ጥሬ ነው እማዬ፣ ሲበስል» እላታለሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያሰኘኛል። ምን ነበረበት ያን ጊዜ ብከፍትላት?

ሰፈሩም ባሕሪው ተለወጠ። ጎረቤታችን እትዬ፣ ቀን በቀን አጥር ላይ ተንጠልጥለው «ደብዳቤ መጣ ወይ?» ማለት ልማዳቸው ነበር። ድንገት መጠየቅ ተዉ። ከማዶ ያሉት ጋሼ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ሰላምታቸውን ያሳጥራሉ፤ ቀድሞ እንኳን ሊያሳጥሩ፣ የላምና የጥጃቸውን ደኅንነት ሳይቀር ነግረውኝ ነበር የሚያልፉት። የንስሐ አባታችን በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ መጡ፤ ቁጭ አሉ፣ መስቀላቸውን አገላበጡ፣ ስለ ውርጩ አወሩና ሄዱ። ወፍጮ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። ሌሊት ነፋሱ ጋብ ሲል ከጎረቤት የሬዲዮ ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ የእኛን ቤት የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። እማዬ፣ «ይኼ ሰው ምን ነካው? ልጄ፣ ያ ጊታርህ አስመርሯቸው ይሆናል» አለችኝ። እኔም ያንኑ አመንኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ እኔ በጆሮዬ የምኮራው ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ዝምታ ሰምቼ አልሰማሁትም።

መላው የመጣልኝ በዐቢይ ጾም ነው። የወንድሜ ድምፅ ከጊታሩ የሚጣላው ሁለቱም ከእኩል ርቀት ስለሚመጡ ይመስለኛል ብዬ አሰብኩ። ታዲያ ጊታሩ እንደ ልቡ ይጩህ፤ ከሩቅ ግን ይጩህ። ሬዲዮውን ተሸክሜ ግቢው ጥግ ያለው ማድቤት አስገባሁት። ረዥም ገመድ ቀጥዬ በግቢው ላይ ዘረጋሁና እኔ ከቴፖቹ ጋር ቤት ቀረሁ። የማድቤቱን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። በሩ ወደ ጎረቤቶቻችን አጥር የዞረ መሆኑን ልብ ያለው ማን ነው?

ነፋስ ስለማይኖር ቀረጻውን ለንጋት አደረግኩት። እማዬ ኪዳን ልታደርስ እንደወጣች ጊታሩን አነሳሁ። ገና ክር ሳልነካ ከማድቤቱ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አንድ ወንድ በማላውቀው ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ፣ ስም የሚጠራ በሚመስል አነባበብ ያነባል። ረዥም ገመድ የሩቅ ጣቢያ እንደሚጠልፍ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ቢሆንም በስመአብ ብዬ ሁለቱንም ቴፖች ከፈትኩ።

ወንድሜ ዘፈነ። እኔ ከሥሩ ከሥሩ ሄድኩ፤ እሱ ሲተነፍስ እገባለሁ፣ እሱ ሲገባ እለቅለታለሁ። ጊታሩ ከውጭ፣ ከውርጩ ውስጥ እየመጣ፣ ሻካራነቱ ሳይጎድል ከድምፁ ጀርባ ቁጭ አለ። ገና ሳልሰማው ልክ መሆኑን አወቅኩት። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! በደስታዬም አበዛሁት፤ መጨረሻው ላይ ቀጭኗን ክር ገፍቼ ወደ ላይ አቃናኋት፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ታች መለስኳት፣ ደግሜ አቃናኋት። እሷም እዬዬ አለች።

የግቢው በር ተበርግዶ ተከፈተ። እትዬ ከፊት፣ አምስት ስድስት ሴቶች ከኋላ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። «ወየው! ወየው አንበሳዬን!» ይላሉ እትዬ። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጥሩ ሥር ቆሙ። ጊታሩን እንዳንጠለጠልኩ ወደ ደጅ ወጣሁ።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ።

እትዬ አዩኝ፤ ዓይኔ ደረቅ ነው። «አልነገሯችሁም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወደ ማድቤቱ፣ መልሰው ወደ እኔ አዩ። «ታዲያ ማን ነው ሲያለቅስ የነበረው?»

«ጊታሩ ነው» አልኩ።

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሼ ናቸው ቀስ ብለው የነገሩኝ። ከወንድሜ ጋር የነበረ የሰላ ድንጋይ ልጅ ቆስሎ ሲመለስ ሞቱን ለጎረቤቶቹ ነግሯቸው፣ ከንስሐ አባታችን ጋር ተማክረው፣ እናት በጾም ከምትጎዳ ፋሲካ ይለፍ ብለው ይዘውት ኖሯል። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው፤ ንጋት ላይ ከቤታችን ልቅሶ ሲሰሙ፣ የንስሐ አባታችን ሳይነግሩን አልቀሩም ብለው ደርሰውልን መጡ። ምን ያድርጉ? እኔ ነኝ የጠራኋቸው።

ያኔ እማዬ በበሩ ገባች። የእያንዳንዷን ሴት ነጠላ አየች፤ ከዚያ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው።

የሚቀዳውን ቴፕ አላጠፋሁትም ነበር። ለቅሶው ከበረደ በኋላ፣ ለብቻዬ ስሰማው ሁሉም ገብቷል፦ ዘፈኑ፣ የጊታሩ እዬዬ፣ የበሩ ድምፅ፣ የሴቶቹ ወየው። ጊታሩ የት ላይ እንደቆመና ሰው የት ላይ እንደጀመረ ዛሬም መለየት አልችልም። በመሀላቸው፣ በሁለት ጩኸት መካከል፣ ወንድሜ ጥርት ባለ ድምፅ «አለቀ እንዴ?» ይላል። ላጠፋው ፈለግኩ፤ እጄ እምቢ አለ።

አርባው ከወጣ በኋላ እማዬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጥሬም ቢሆን አሰማኝ» አለች። ልቅሶው አለበት ብላት፣ «ይኑርበት» አለች። ከፈትኩላት። ዘፈኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ሰማች፤ ጊታሩን አልጠላችውም፤ ሴቶቹ ሲገቡም አላለቀሰችም። ወንድሜ ያንን ጥያቄውን ሲጠይቅ ግን ቀና አለች፤ ያን ቀን እኔ በዝምታ ያለፍኩትን ጥያቄ ወደ ቴፑ ጠጋ ብላ መለሰችለት።

«ገና ነው፣ ልጄ» አለችው።

ቴፑን አላጠፋሁትም፤ ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።