ወራጁን ለእኔ ተዉልኝ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ ሚካኤል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው የተገናኘነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት የፊቱን ወንበር ጨብጠው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፅ ግን የለም። መውረድ እንደፈለጉ ገባኝና «ወራጅ አለ!» አልኩላቸው። ታክሲው ቆመ። ሴትየዋ ቀስ ብለው ዞሩ።

«የእኔን… ወራጅ… ወሰድሽብኝ» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው።

እኔም የምወርደው እዚያው ስለነበር ወሬ ጀመርን። ወይዘሮ መብራት ይባላሉ። ኤርፖርት፣ ካርጎ ክፍል ዕቃ ተረካቢ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገድ ሲሻገሩ መኪና ገጫቸውና ጭንቅላታቸው ተጎዳ። ሐሳባቸው አልጠፋም፤ የሚዘገየው ቃሉ ነው። አንድ እግራቸውም ስለሚጎተት የማያውቃቸው ሰው የጠጡ ይመስለዋል። የሚያውቃቸው ደግሞ ይብሳል፤ አዝኖላቸው ቃሉን ከአፋቸው ይቀማቸዋል። እህታቸው ዊንታ ሐኪም ቤትም ባንክም፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር፣ በእርሳቸው ፈንታ ስትናገር ከርማለች።

«ሻይ ልጠጣ… ወይ ማኪያቶ… የምታውቀው እሷ ነበረች» ይላሉ እየሳቁ።

አንድ ቀን የእድር ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ራሳቸው ተናገሩ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ግን ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ በየእድሩና በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ እንደ እርሳቸው ስለተጎዱ ሰዎች ይናገራሉ። ያን ዕለት ደግሞ የታክሲ ነጂዎችና ረዳቶች ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ሊለምኑ ነበር የሚሄዱት።

«ነይ… ስሚኝ» አሉኝ። «ግን… እንዳትረጂኝ።»

አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢው አቶ መኩሪያ ማይክራፎኑን ሰጧቸው።

«እኔ… ታክሲ ውስጥ…» ብለው ቆሙ።

«ዕቃ ጠፋብዎት?» አለ አንዱ ከፊት።

«ተሰረቁ እንዴ?» አለ ሌላው።

«መልስ ተከልክለው ነው» አለ ሦስተኛው፣ አዳራሹም ሳቀ።

ወይዘሮ መብራት ጠበቁ። «ስትጨርሱ… ንገሩኝ» አሉ።

ሳቁ በረታ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። አቶ መኩሪያ ሊያግዟቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ወይዘሮ መብራት በእጃቸው አስቆሟቸው። እኔ ቃሉን ስለማውቀው አፌን እየበላኝ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

«ወራጅ… ማለት… ይዘገይብኛል» አሉ በመጨረሻ። «እጄን ካነሳሁ… ቁሙልኝ። እንደ እኔ ያለ… ብዙ ነው። ቤት የሚውለው… አፍሮ ነው።»

አንድ ረዳት ተነሳ። «ማዘር፣ የሰከረም ሰው እጁን ያወናጭፋል። በምን እንለየው?»

ትንሽ አሰቡ። «የሰከረም… ይወርዳል እኮ።»

ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው አቶ መኩሪያ «የተስማማ እጁን ያውጣ» አሉ። ቀድሞ ያወጣው ያው የጠየቀው ረዳት ነበር።

ስንመለስ አንድ ታክሲ ያዝን። የእኔ መውረጃ ይቀድማል። ረዳታችን ስብሰባው ላይ አልነበረም፤ የተባለውንም አልሰማም። እርሳቸውን ትቼ መውረድ ከበደኝ።

«የት እንደሚወርዱ ልንገርልዎት?» አልኳቸው።

በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁና እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

«አንቺ… የራስሽን ወራጅ በይ። እኔ… መውረጃዬን ባልፍም… በእግሬ እመለሳለሁ።»