የኦፊሊያ ፕላስተር

በፕላሴንሺያ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የሚኖሩት፣ ሰው በአክብሮት ዶኛ የሚላቸው ኦፊሊያ፣ ሰው ሲያጭበረብር ከማየት የሞተ አይጥ በእጃቸው ቢያነሡ ይመርጣሉ። ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሲሉም ፊታቸውን አጨፍግገው ነው።

በወጣትነታቸው የጊታር አምፕሊፋየር ፋብሪካ ውስጥ ሽቦ ይበይዱ ነበር። በረድፍ ከሚቀመጡት የሜክሲኮ ሴቶች መካከል ግራኝ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ሽቦውን በቀዳዳው አሳልፈው ጫፉን ሲያጥፉት የሌሎቹ ወደ ቀኝ፣ የእሳቸው ወደ ግራ ይተኛል። አለቃዋ ብትቆጣም ልማዱ አልለቀቃቸውም። እያንዳንዷ ሴት ሥራዋን ስትጨርስ ስሟን ቁራጭ ፕላስተር ላይ ጽፋ የዕቃው ሆድ ውስጥ ትለጥፋለች። ለክብር እንዳይመስላችሁ። ዕቃው ተበላሽቶ ሲመለስ ማን ላይ እንደሚጮኹ እንዲያውቁ ነው። የኦፊሊያ ግን አይመለስም ነበር። ከዚያ ቤት ይዘውት የወጡት ሀብት ይኸው ስም ነው፤ ሌላውማ የጀርባ ሕመም ነው።

አሁን በስተርጅና፣ የእሳቸው ስም ያለበት አሮጌ ዕቃ በውድ ስለሚሸጥ፣ ጸጉራቸውን እንደ ኮረዳ ያስረዘሙ ሽበታም ወንዶች በራቸውን እያንኳኩ እጃቸውን ይስማሉ። "እርስዎ የሠሩት ድምፁ ማር ነው" ይሏቸዋል። ዶኛ ኦፊሊያን ያቅለሸልሻቸዋል።

"ማሩ ከእኔ ጣት አልመጣም" ይላሉ። "ድምፁን የሚያጎሉት አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ቱቦዎች ናቸው። ጊታሩን ጠንከር አድርገህ ስትመታው አቅም ያጥራቸውና ድምፁ ይሻክራል፤ እናንተ የምትወዱት እሱን ነው። ካፓሲተሩ ደግሞ ወንፊት ነው። ትልቁን ካስገባህ ወፍራሙን ድምፅ ያሳልፋል፣ ትንሹን ካስገባህ ቀጭኑን ብቻ። በቃ። አሁን ሂድና ተጫወት።"

ይህን ከልቡ የሰማቸው አንድ ሰው ቢኖር የእህታቸው ልጅ ራሚሮ ነው። እናቱ ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ብየዳውንም በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ አስተምረውታል። አሁን የልጆች አባት ሆኖ፣ አሮጌ አምፕሊፋየር በሚነግደው በዱዌን ሱቅ ይሠራል። ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ "ዕቃ አነሣለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ" ይላል።

አንድ እሑድ ሁለቱ አንድ አምፕሊፋየር ተሸክመው መጡ።

"ዶኛዬ፣ የድሮ ልጅዎን አገኘሁልዎት" አለ ዱዌን። "ስምዎ ውስጡ አለ። ዕቃው ከእርስዎ ጋር የተነሣውን ፎቶ ገዢው ካየ ሌላ ነገር አይጠይቅም። አጠገቡ ተቀምጠው ፈገግ ማለት ብቻ ነው።"

"መጀመሪያ ልስማው።"

ራሚሮ ጊታሩን ሰክቶ መታ መታ አደረገ። ዶኛ ኦፊሊያ እንደ ልማዳቸው በእርሳስ ቂጥ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ኳ ኳ እያደረጉ አዳመጡ፤ የታመመ ቱቦ ሲነኩት እንደ ደወል ያቃጭላል። አንዱም አላቃጨለም። ድምፁ ጥሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ ነበር።

"ንቀለው። ልክፈተው።"

"ቲያ፣ ምን ያስከፍተዋል?" አላቸው ራሚሮ አክስቱን። "ከተነቀለም በኋላ ይነዝራል።"

"ያስተማረችህን አክስትህን መልሰህ ታስተምራለህ?"

ካቻቢቴያቸውን አምጥተው ከፈቱት፤ ካፓሲተሮቹ ያጠራቀሙትን ኤሌክትሪክም በሽቦ አፈሰሱት። ከውስጡ የታኘከ ትምባሆ ሽታ መጣ። አንዱን ካፓሲተር በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ቡናማው እድፍ ለቀቀና ከሥሩ ትናንት የተገዛ የሚመስል ቢጫ ብልጭ አለ።

"ምራቅ ነው" አሉ። "አሮጌ እንዲመስል ሰው የተፋበትን ዕቃ፣ ምግብ የምበላበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣችሁት።"

"ያው እንግዲህ፣ ገዢ የሚወደው እንዲህ ነው" አለ ዱዌን ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ።

በጥግ በኩል፣ በሻይ የተነከረ የሚመስል ፕላስተር ላይ "ኦፊሊያ" ተብሎ ተጽፏል። የማን ቆሻሻ እጅ ነው ብለው ሽቦዎቹን ሲያዩ ሁሉም ወደ ግራ ተኝተዋል። እንዲህ የሚያጥፍ ሌላ ሰው በዚህ ምድር አንድ ብቻ ነው። ቀና ሲሉ ራሚሮ ወለሉን ያያል።

"ሥራው ንጹሕ ነው" አሉት ቀስ ብለው። "እኔም ብሆን ከዚህ አላስበልጠውም። ይህን የመሰለ እጅ ይዘህ ነው የእኔን ስም የምትሰርቀው?"

"ቲያ፣ በእኔ ስም ማን ይገዛዋል?"

"ድምፁን የሰማ።"

ዱዌን ሳቅ አለ። "ዶኛዬ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ በጆሯቸው አይገዙም።"

ዶኛ ኦፊሊያ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ልጠው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሉት። ከመሳቢያ ነጭ ፕላስተር አውጥተው ቁራጭ ቀደዱና ከእስክሪብቶ ጋር ራሚሮ ፊት አኖሩት።

"ስምህን ጻፍና ለጥፍ። ከዚያ ፎቶውን እነሣለሁ፤ ፈገግም እላለሁ።"

ራሚሮ እስክሪብቶውን አንሥቶ ጎንበስ አለ። የመጀመሪያውን ፊደል ሊጽፍ ሲል ግን ቀና ብሎ፣ እንደ ፈቃድ ጠያቂ፣ ዱዌንን አየው።

ዶኛ ኦፊሊያ ያን አስተያየት አዩ። የትምባሆው ምራቅ እንኳ እንዲህ አላንገሸገሻቸውም። ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ፕላስተሩም ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ቀረ።