የቆላው ጠጅ ሣር

ጠጅ ሣሩን ከእናቴ ጓሮ፣ ከአዲ አርቃይ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ የሊማሊሞን ዳገት በአይሱዙ ያወጣሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ደባርቅ ከተዳርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ከዳባት ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ጉድጓድ ስቆፍር አዩኝና ሳቁ።

«አንቺ ቆለኛ፣ ይህ ሣር የደባርቅን ውርጭ ሊችል ነው? የቆላ ነገር እኮ ደጋ አይበረክትም።»

ስለ ሣሩ ብቻ እንዳልተናገሩ ገብቶኛል። እልህ ያዘኝ። እልኸኛ ነኝ፣ አልደብቅም። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ምድጃው ከውስጥ በሚያሞቀው ቦታ ተከልኩት። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሲመሽ ጆንያ አለብሰዋለሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ እገልጠዋለሁ። ባሌ «ለእኔ እንዲህ ተጨንቀሽ አታውቂም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሣሩ ከረመ። በሦስተኛው ዓመት በሁለት እጄ አልታቀፍ አለ። ጎረቤት ለበዓል ሲለምነኝ ቅጠሉን እየቆረጥኩ እሰጣለሁ፤ ሥሩን ግን ለማንም አልሰጥም።

በአራተኛው ዓመት መሃሉ መድረቅ ጀመረ። ውሃ ጨመርኩ፣ ፍግ ጨመርኩ፤ ጭራሽ ባሰበት። በሰኔ አማቴ መጡና ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ተጨናንቆ ነው። ነቅለሽ ካልገነጣጠልሽው ለከርሞ አታገኚውም።»

«ከነቀልኩት በኋላ ቢሞትብኝስ፣ እማማ?»

«ካልነቀልሽውማ መሞቱ አይቀር!»

ተናደድኩ፤ እውነታቸውን ስለነበር። ዶማውን አነሳሁ። ሥሩን እየበጠስኩ ነቀልኩት። የደረቀውን መሃል ጣልኩት፤ ከዳር ዳሩ ለምለሙን፣ ሦስት አራት ዘንግ ከነሥሩ እየያዝኩ፣ ዘጠኝ ቦታ ገነጠልኩት። ቅጠሉን ስንዝር ያህል አስቀርቼ ቆረጥኩ። ሁለቱን መልሼ ተከልኩ፣ ስድስቱን ለጎረቤት አደልኩ። ዘጠነኛዋን አማቴ ሳይጠይቁኝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት።

«እስቲ ለሙከራ» አሉና ሄዱ።

ሁሉም ያዙ። ሁሉም! ጠዋት ጠዋት በሰፈሩ ሳልፍ በየአጥሩ ሥር የራሴን ሣር እያየሁ ቀና ብዬ እሄድ ጀመር።

በዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል አማቴ ማኅበር አወጡና ዳባት ወርጄ አስተናግድ ነበር። ግድግዳቸው ሥር ጠጅ ሣሩ የሌሊት ጆንያውን አጠገቡ አድርጎ ተንዠርግጓል። አንዲት የማኅበር እንግዳ ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

«ይህን ደግሞ ከየት አገኙት? ለእኔም አንድ ሥር ይገንጥሉልኝ እንጂ።»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ አማቴ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ባለሙያዋ ያቻትልሽ፣ ቆለኛዋ ልጄ። እሷን ለምኛት።»

ምራታቸው ከሆንኩ ጀምሮ «ልጄ» ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ግን በሰው ፊት አላለቅስም። የጠላውን ጆግ መሬት አስቀመጥኩና ወደ እንግዳዋ ዞርኩ።

«አሁን ውርጭ ነው» አልኳቸው ሴትዮዋን። «በሰኔ ይምጡ፣ እገነጥልልዎታለሁ።»