ማሽኑ የማያውቃት ሰረዝ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ሮቤ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት እርሻ ቢሮ፣ ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት የጎባ ሰው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «ጋሼ» እላቸው ነበር።

የስንዴውን ሪፖርት የሚያትመው ፕሮግራም የተጻፈው አዲስ አበባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። የእነሱም የእኛም ማሽን ዩኒክስ በሚባለው ሲስተም ስለሚሠራ፣ እዚያ የሠራ እዚህም ይሠራል ተብሎ ተላከልን። በውስጡ «ኤኮ» የምትባል ትዕዛዝ ነበረች፤ ሥራዋ የሰጧትን ቃል መልሶ መጻፍ ነው። ሰረዝና አንዲት የፈረንጅ ፊደል ሲከተሏት «ወደ አዲስ መስመር አትውረድ» ማለት ነው። የአዲስ አበባው ማሽን ይህ ይገባዋል። የእኛው ግን ሰረዟንም ፊደሏንም እንደ ተራ ቃል ቆጥሮ በየመስመሩ አተማቸው።

ቁጥሩ ትክክል ስለነበረ ሪፖርቱ እንዳለ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ወደ ጎባ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የፓርቲ ካድሬ ከዚያ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ይቺ ምልክት ምንድን ናት?»

«ጓድ፣ የትዕዛዝ ምልክት ናት። የአዲስ አበባው ማሽን ያውቃታል፤ የእኛው ግን ስሙ ያው ዩኒክስ ቢሆንም አያውቃትም» አሉ ጋሼ።

«ስማቸው አንድ ከሆነ ትዕዛዙን እንዴት ለየብቻ ይሰማሉ?»

ትዕዛዟን እፊቱ ጻፍኩ። ማሽኑ ምልክቷን መልሶ ጻፋት።

«ታዲያ ይህን ማን አስተማረው?» አለኝ።

ጋሼ ያተሙት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩና ኮታቸውን ለበሱ። በምስጢር ምልክት መልእክት አስተላልፈዋል ተብለው ጎባ ታሰሩ።

ክረምቱን ሙሉ ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው ይመላለሱ ነበር። «እንዴት ናቸው?» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም ያቺን ምልክት አውጥቼ ፕሮግራሙን በሌላ መንገድ ጻፍኩት። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ካድሬው አገላብጦ አየና «አየህ፣ ሲፈለግ ይስተካከላል» አለ። ለጋሼ የሚጠቅም መስሎኝ የሠራሁት፣ ምልክቷ ሆን ተብላ የገባች ናት ለማለት ማስረጃ ሆነባቸው።

መስከረም ላይ አዲስ አበባ ካለው ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ መጣ፤ የሆነውን ነገርኩት።

«የታወቀ ነገር እኮ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ዩኒክስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሚሰማውን ሌላው አይሰማም። አንድ ወጥ ደረጃ ሊወጣለት ነው እየተባለ ነው።»

ይህንኑ ጎባ ሄዶ አስረዳ። ጋሼ ከስተው፣ እየሳሉ ወጡ። ባለሙያው ያለኝን ነገርኳቸው።

«የታወቀ ከሆነ ለእኛ ለምን አልነገሩንም?»



ወደ ቢሮው አልተመለሱም። ወንድማቸው ማር ወደሚነግድበት ወደ ደሎ መና ቤተሰባቸውን ይዘው ወረዱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። በመስኮቱ ሊሰናበቱኝ ሲሞክሩ ያው ሳል ያዛቸው፤ አውቶቡሱም ተነሣ።