አባ ቀስ እና የማንጋኒዙ መንጋጋ

እናንተዬ፣ ብረት ማቅለጫ ቤት ውስጥ ቀርፋፋ ሰው አይበረክትም ሲሉ ብትሰሙ እንዳታምኑ። አባ ቀስ ጸጉሩ እስኪሸብት እዚያው ኖሯል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከአፉ የማትጠፋው ቃል እሷው ስለሆነች። አሸዋውን ቀስ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ። ብረቱን ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፈሰሰው ብረት አሸዋው ውስጥ እንደተኛ ቀስ ብሎ ይብረድ። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ይላል፣ ጣቱን እየቀሰረ። ሐቁን ለመናገር፣ እሱ ያፈሰሰው ብረት ሲሰነጠቅ ያየ ሰው አልነበረም።

ሚስት ያገባውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ድንጋይ እየተፈለጠ ወደሚወጣበት ካባ የማሽን ዕቃ ሊያደርስ ሄዶ አያት፣ ወደዳት፣ ወዶም ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያዘው ዕቃ ማድረስ አበዛ። መጥቶ ቆሞ ያያታል፣ ስለ አየሩ ሁኔታ አንድ ነገር ይላታል፣ ይመለሳል። በመጨረሻ እሷው ወገቧን ይዛ ፊቱ ቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትጠይቀኝ ነው ወይስ እስክሞት ጠብቀህ ልትቀብረኝ?"

"ኧረ... ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አላት፣ ላብ በላብ ሆኖ።

"እንቁላሉ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ታርዶ ተበላ!"

በሳምንቱ ተጋቡ። ልጆች ወለዱ፣ ልጆቹም አድገው የየራሳቸውን ጎጆ ቀለሱ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ማታ ማታ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። አባ ቀስ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አያውቅም። ይህንንም አንድ ቀን እንኳ ከአፉ አውጥቶ አልተናገረም።

ሰዉ ሁሉ ድንጋይ ፈጪዋ ነው የሚላት። ካባው ውስጥ ያለውን ትልቁን መፍጫ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። መፍጫው ሁለት የብረት መንጋጋ አለው፤ የተጣለለትን ቋጥኝ በመሃላቸው ይዞ እያኘከ ጠጠር አድርጎ ይተፋዋል። ችግሩ መንጋጋው ነበር። ደረቅ ብረት ሲገጠምለት ይሰበራል፣ ለስላሳ ሲገጠምለት ድንጋዩ ይበላዋል። አለቃዋ ተማረረ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር። የሚመጣው መንጋጋም ከተሰበረ መፍጫውን እዘጋዋለሁ፤ ሁላችሁም ወንዝ ማዶ ወዳለው ካባ ትዛወራላችሁ" አለ።

ወንዝ ማዶ ማለት ሄዶ እዚያው መክረም ማለት ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ቤቱን በወር አንዴ ካየ ዕድለኛ ነው።

"ባሌ ይሠራዋል!" አለች ድንጋይ ፈጪዋ፣ ባሏን ሳትጠይቅ።

አባ ቀስ ይህን ማታ ሲሰማ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ። አትሂጂብኝ ሊላት ፈለገ። ከአፉ የወጣው ግን "እስቲ እናየዋለን" የሚል ነው። ይሄ ሰውዬ አያናድድም?

በማግስቱ ጠይቆ አጠያይቆ ደረሰበት፤ መድኃኒቱ ማንጋኒዝ ነው። ማንጋኒዝ እንኳ ለእሱ እንግዳ አልነበረም። በሚያቀልጠው ብረት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ጣል ያደርግበታል፤ ብረቱ ውስጥ የተሸሸገውን ድኝ ይዞ ክፋቱን ያበርድለታል። የባትሪ ድንጋይ ሲፈነከት እጅ የሚያጠቁረው ዱቄትም ከዚሁ ከማንጋኒዝ የሚመጣ ነው። ብቻውን ሲሆን እንደ ሸክላ የሚሰባበር ምስኪን ነው፤ ከብረት ጋር ሲዋሃድ ግን ጉድ ይሠራል።

"ለመንጋጋ ከሆነ በዛ አድርገው ነው የሚጨምሩት፣ ከስምንት አንድ እጅ ያህል" አለችው ማንጋኒዝ የምትሸጥለት ነጋዴ በስልክ። "ጋሼ፣ የዚህ ብረት ጠባይ ልዩ ነው። በተመታ ቁጥር ይጠነክራል። ድንጋዩ ሲደበድበው ፊቱ ይደነድናል፣ ውስጡ ግን ቻይ ስለሆነ አይሰበርም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ አፍስሰው ሲጨርሱ እንደገና በደንብ ያግሉትና፣ እንደጋለ ባንዴ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ከዘገዩ ተበላሸ ማለት ነው። በትክክል ከወጣልዎ ማግኔት አይዘውም፣ ምልክቱ እሱ ነው።"

"እሺ እመቤቴ" አለ አባ ቀስ። ስልኩን እንደዘጋ ግን ምድጃውን ወደሚጠብቀው ጓደኛው ዞረ። "የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ! ሰምተህ ታውቃለህ? አንድ ብረት ሳላሰጥም ሸብቻለሁ፣ ዛሬ ልጀምር?"

"ሴትዮዋ እኮ ታውቃለች" አለ ጓደኛው።

"እሷ መሸጥ ታውቃለች።"

እንደለመደው አፈሰሰ፣ እንደለመደውም አሸዋው ውስጥ ትቶት ቀስ ብሎ እንዲበርድ አደረገ። መንጋጋው አምሮበት ወጣ። በፓራንኮ፣ በሰንሰለት ማንሻው፣ አንስተው መኪና ላይ ሊጭኑት ሲሉ ሰንሰለቱ ሸተት አለና ወለሉ ላይ ወደቀ። ቷ! እንደ ብስኩት ለሁለት ተከፈለ።

አባ ቀስ አሸዋው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ማታ ቤቱ ገብቶ ሁሉንም ተናዘዘ። ትቆጣለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ ድንጋይ ፈጪዋ ሳቋ አመለጣት።

"ሴትዮዋ ውሃ አለችህ?"

"አለችኝ።"

"አንተስ?"

"እኔማ... እንዳይሰነጠቅብኝ ፈራሁ።"

"እኔን በሳምንት ውስጥ ነው ያገባኸኝ። ተሰነጠቅህ?"

"ኧረ አልተሰነጠቅሁም።"

"ታዲያ ነገ ሩጥ!"

አባ ቀስ ሲሮጥ ማየት! እንደገና ያፈሰሰው አዲሱ መንጋጋ ምድጃው ውስጥ እንደ ብርቱካን እስኪመስል ጋለ። የውሃ ገንዳው ከጎኑ ተደቅኗል። የምድጃው በር ሲከፈት ያ ቀርፋፋ ሰውዬ ነፋስ ሆነ። "ቶሎ! ቶሎ በሉ! ምን ትገተራላችሁ!" እያለ ፓራንኮውን ራሱ ጎተተው፤ ቆቡ ወደቀ፣ የቱታው እጅጌ ጨሰ፣ ዞሮም አላየው። መንጋጋው ውሃው ውስጥ ሲገባ ገንዳው ተንፈቀፈቀ፣ ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ፣ ሰው ከሰው አይተያይም። እንፋሎቱ ሲገፈፍ አባ ቀስ ማግኔቱን መንጋጋው ላይ አስጠጋ። ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ጓደኛው አቅፎ አነሳው፤ ሁለት የሸበቱ ሰዎች እንደ ሕፃን ጨፈሩ።

ካባው ላይ ግን ሳቅ የለም። መንጋጋው ተገጥሟል፣ አለቃው እጁን አጣምሯል፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ፈቶ ቆሟል። ድንጋይ ፈጪዋ መፍጫውን አስነሳችና ትልቁን ቋጥኝ ለቀቀችበት። ጓ! መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ጓ! አሁን ተሰበረ አለ አባ ቀስ በሆዱ፤ አሁን ሄደችብኝ። ከዚያ ምን እንደነካው አያውቅም፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ላይ ጮኸ።

"አትሂጂብኝ! ካላንቺ ቤቱ ቤት አይሆነኝም!"

እሷ አፉ ሲንቀሳቀስ እንጂ ምን እንዳለ አልሰማችም። አደጋ መስሏት መፍጫውን አጠፋች። እሱ ግን አላቆመም። "ብቻዬን መኖር አልችልም! እወድሻለሁ!" የሚለው ጸጥ ባለው ካባ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሠራተኛው በሙሉ ዞሮ አየው።

ድንጋይ ፈጪዋ መጀመሪያ በባትሪ እያበራች መንጋጋውን መረመረች። ቋጥኙ የመታው ቦታ እንደ መስታወት አብለጭልጯል፣ ስንጥቅ የሚባል የለበትም።

"አልተሰበረም!" አለች ለአለቃዋ። ካባው በእልልታ ቀለጠ። እሷም ወርዳ አባ ቀስ ፊት ቆመች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ቢሰበርም እኮ አልሄድም ነበር። ወንዝ ማዶ ከሆነ ሥራውን እለቃለሁ ብዬ ለአለቃው ከነገርኩት ሰነበትኩ።"

"እና እኔን እንዲህ ስታስጨንቂኝ! ለምን አልነገርሽኝም?"

"አትሂጂ ትለኝ እንደሆነ ብዬ ስጠብቅ ነዋ።"