ገመድ የሚበላው ድንጋይ

ከሞጣ ቁልቁል ወርዳችሁ ዓባይን ስታገኙ፣ ውሃው ገደል ተጠግቶ ረጋ የሚልበት አንድ ጥግ አለ። ጀልባችን የምትታሰረው እዚያ ነው። ጠባቂዋም ቀዛፊዋም እኔ ነኝ። ሞጣ ያሉ በያጆች ከላሜራ የሠሯት ናት፤ ሆዷን በየዓመቱ ሬንጅ እቀባታለሁ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሸለቆውን ይዞ ሽቅብ ሲነፍስ፣ አንድ አጣና አቁሜ የእህል መሸፈኛ ሸራ ዘርግቼበት መቅዘፊያውን አስቀምጣለሁ። ሰው ይስቃል። እኔ ክንዴን አሳርፋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ከሸመገልኩ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው።

የተወለድኩት ቢቸና ነው። ሞጣ የመጣሁት በጋብቻ ነው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ የረሳልኝ ሰው የለም። ጀልባዋ ሁለት ክረምት ተከታትላ ገመዷን በጥሳ ስትሄድ፣ የቢቸና ሰው ውሃ የሚያውቀው በእንስራ ነው አሉኝ። ሁለቱንም ጊዜ ከታች አሸዋ ላይ ተቀምጣ አገኘናት፤ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ በዳር በዳር ጎትቶ መለሳት። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ሰው በተሰበሰበበት ፊት ለፊት ነገረኝ።

"አባባ፣ ዘንድሮም ካመለጠች ለሌላ ሰው እንሰጣታለን። አይክፋዎት፣ ዕድሜም አለ።"

ዕድሜ ማለቱ ነው ያናደደኝ። ያቺን ጀልባ ከተቀበልኩ ወዲህ ነው ዕድሜዬን የረሳሁት።

ሐምሌና ነሐሴ ማንም ዓባይን አይሻገርም። ጀልባዋን ወደ ላይ አውጥተን እንዳናስቀምጣት ገደሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የግድ እዚያው ታስራ መክረም አለባት።

ሁሉም ወፍራም ገመድ ግዛ ይለኛል። እኔ ደግሞ የተበጠሰውን ጫፍ ይዤ ስንት ቀን ሳገላብጠው ከረምኩ። ጎርፍ በአንድ ጊዜ የበጠሰው አይመስልም፤ በአንድ ጎኑ ተፍቆ ተፍቆ ያለቀ ነው። ለካ ገመዱ ገደሉ አናት ላይ ከታሰረበት ዛፍ ወደ ጀልባዋ ሲወርድ የገደሉን ጠርዝ ይነካል። ጀልባዋ በተነቃነቀች ቁጥር ድንጋዩ ይግጠዋል። አርሼ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቀንበርና ሞፈር የሚያያይዘው ጠፍር የሚያልቀው ከሚፋተግበት ቦታ መሆኑን አላጣውም። ውፍረት ምን ያደርጋል? ወፍራሙንም ቆይቶ ይበላዋል።

ሞጣ ቆዳ ከሚነግድ ወዳጄ ዘንድ የበሬ ቆዳ አመጣሁ። ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ከዚያ ገመዱ ድንጋዩን በሚነካበት ላይ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ጠቅልዬ በጠፍር ሰፋሁት። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። መጨረሻ ላይ እንዲለሰልስ ብዬ፣ የእርሻ ጠፍር እንደሚቀባው ሞራ ቀባሁት።

በማግስቱ ጠዋት ስወርድ ቆዳው የለም። ጅብ በልቶታል። ገመዱንም አኝኮት ጀልባዋ በቀጭን ክር ተንጠልጥላለች። በሌላ አዲስ ገመድ አስሬ ዳገቱን ስወጣ ወሬው ቀድሞኝ ገበያ ደርሷል። ሊቀመንበሩ ጅቡን ምክትል ጠባቂ አድርገን እንመዝግበው ወይ ብሎ ቀለደ አሉ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

"እኔ ሰባት ልጅ ጡት ያስጣልኩት በምንድን ነው?"

"በእሬት።"

"ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ጅብ ምላስ የለውም?"

ሌላ ቆዳ አምጥቼ እንደ ፊተኛው ሰፋሁ። ሞራ የሚባል አላስጠጋሁም። እሬት ቆርጬ ጭማቂውን ደህና አድርጌ ለቀለቅሁት፤ ዝናብ ባጠበው ቁጥር ወርጄ እደግመዋለሁ። በየሦስት ቀኑ ደግሞ ከዛፉ ላይ ገመዱን አንድ ጣት ያህል እለቅለታለሁ፤ ቆዳውም ቢሆን አንድ ቦታ ብቻ እንዳይፋቅ። ጅቡ አንድ ጊዜ መጥቶ ቀምሶታል፤ የጥርሱን ምልክት አይቻለሁ። ሁለተኛ አልሞከረውም።

ነሐሴ ላይ ዓባይ ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ መጣ። ጀልባዋ እንዳልተገራ ወይፈን ገመዷን ትወጥራለች፣ ትለቃለች። ጉልበቴ አያወርደኝም ነበር፤ በየቀኑ ግን ወረድኩ። የሚያገኘኝ ሁሉ ተው ይለኛል። አልተውኩም።

መስከረም ገብቶ ውሃው ሲጎድል ሊቀመንበሩ ሰው አስከትሎ ወረደ። ጀልባዋ በቦታዋ አለች። እኔም ጠፍሩን ፈትቼ ቆዳውን ገለጥኩት። ቆዳው ድንጋዩ በነካው በኩል ሳስቶ ብራና መስሏል። ከሥሩ ያለው ገመድ ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው፤ አንድ ክር አልተነሳም። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ደጋግሞ ዳበሰው።

"አባባ፣ ጀልባዋ ከእርስዎ ጋር ትሁን" አለኝ።

"ለስንት ጊዜ?"

"እስከፈለጉ ድረስ።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ከኋላ የቆሙት አልሰሙም። እስኪ ጮክ ብለህ ድገመው አልኩት።

ደገመው።